ዓይን ሲደክም እግር አይታሰር



በኮልፌ ቀራንዮ ዓይናቸው የደከመ እናት ዳገቱንና ኮብልስቶኑን ፈርተው ቤት ሲውሉ፣ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ያልተራመደ ጉልበት ግን ይዝላል፤ ጉልበት ሲዝል መውደቅ ይቀርባል፤ ፍርሃቱም ይብሳል።

የዓይኑ ድካም ራሱ ግን ሊታከም ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዓይን ሞራ ነው። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ግን የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ ስለዚህ ቀድሞ መመርመር ይበጃል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል።

እስከ ምርመራው ድረስ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ዓይናቸው ከደከመ እናት ጋር በሚያውቁት መንገድ እንራመድ። ክንዳችንን እሳቸው ይያዙ እንጂ እኛ አንጎትታቸው። ወላጆቻችንን ለዓይን ምርመራ የምንወስድበትን ቀን ዛሬውኑ እንቁረጥ።