ቆራሌው የሚያውቀው፣ እኛ የማናውቀው

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። በቦታው ላልነበራችሁ ሙሉ ቃሉን እነሆ።)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። ስለ ቆሻሻ ነው የምናገረው ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል፤ አይቻችኋለሁ። ችግር የለውም። ስለ ታሪካችንና ስለ ጀግኖቻችን በዚህ መድረክ ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። ዛሬ ግን ስለ ፌስታል፣ ስለ ጀሪካንና ስለ አመድ ታገሱኝ።

ከአንዲት ላም ልጀምር። አክስቴ ከከተማው ዳር ነው የምትኖረው። አንዲት ላም ነበረቻት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ። ባለፈው ክረምት ላሟ ከሳች፣ ሆዷ ተነፋ፣ ወተቷ ነጠፈ። መድኃኒት ተሰጣት፣ ጠበልም ተረጨች፤ አልሆነም። መጨረሻ ላይ ስትታረድ ከጨጓራዋ የወጣው እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፌስታል ነው። አንድ ሳፋ ሞላ። አክስቴ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «ይኼን ማን አበላት?» አለች። እኔ ምን ልበላት? ስኳር የገዛሁበትን ፌስታል ቦይ ውስጥ የወረወርኩበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ላም ፌስታሉን የምትበላው ውስጡ የቀረው ጨውና የምግብ ትራፊ ስለሚሸታት ነው። አንዴ ከገባ ደግሞ አይፈጭም፣ አይወጣም፤ እዚያው እየተጠራቀመ የሣሩን ቦታ ይይዛል። በልታ የጠገበች እየመሰላት በረሃብ ትሞታለች።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በአያቶቻችን ቤት የሚጣል ነገር ምን ነበር? ጠላው ሲጠመቅ አተላው ለከብት ነው። አረቄ የምታወጣ እናትም አተላዋን ለሚያደልብ ጎረቤት ትሸጣለች። እበቱ ለልቅለቃ፣ ለኩበት። አመዱ ወደ ጓሮ፣ ለጎመኑ። ያረጀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንት ዓመት ይረገጣል! እኔ ራሴ አባቴ በበረባሶ ገበያ ሲሄድ አይቼ ነው ያደግሁት። የቲማቲም ጣሳ የእህል መስፈሪያ ሆነ። የዘይት ጀሪካን እንስራን ተካ፤ የእህቶቻችን ጀርባ ትንሽም ቢሆን ቀለለለት። ይኼንን ሁሉ ማንም ሥልጠና ሰጥቶን አይደለም። አሁን በየስብሰባው «መልሶ መጠቀም» ሲባል ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለናል።

የቀጥቃጩን ነገር ደግሞ ልብ በሉት። የጎጃም ገበሬ የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ ብረቱ ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ከአሮጌ መኪና ነው። የመኪና ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ነው፤ ቀጥቃጩ ያንን በከሰልና በወናፍ አግሎ፣ በመዶሻ አውጥቶ ማረሻ ያደርገዋል። በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ትልቅ ስም አለው። እኛ ጋር ግን ሰውየውን ምን እያልን ነው የኖርነው? ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋንስ? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። መቶ ዓመት አለፈው። ስድቡ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ልብሱ የተቀደደ ልጅ «ቆራሌ» ይባል ነበር። ዛሬም ይባላል መሰለኝ።

ቆራሌው ግን ማን ነው? ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ ነው ይባላል። ጆንያውን አንግቶ በየመንደሩ እየጮኸ ያልፋል፤ የተቀደደ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ሳህን፣ የሞተ ባትሪ፣ ባዶ ሃይላንድ ይገዛል። ልዋጭ የሚሉትም አሉ፤ አሮጌ ልብስ ወስደው ሳህንና ብርጭቆ ይሰጣሉ። ከማርቆስ የተሰበሰበው ዕቃ ተጭኖ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ከፊሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ምናለሽ ተራን ያየ ያውቀዋል፤ በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ቆርቆሮ መጥበሻ ሲሆን፣ ጆሮ እስኪደነቁር መዶሻ ሲወርድ። ሌላው ብረት ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ሄዶ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። ያ ፌሮ ተመልሶ ማርቆስ ይመጣና ፎቅ ይሠራበታል። የአያትህ የብረት አልጋ አሁን የማን ምሰሶ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል?

ይህ ሰው የሚያውቀው እኛ የማናውቀው ነገር አለ። መዳብን ከናስ፣ ወፍራሙን ፕላስቲክ ከስሱ በእጁ ይለያል። የቱ ዋጋ እንዳለው፣ የቱ እንደሌለው ያውቃል። ፌስታል ሲያነሳ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አያነሳም። ስስ ነው፣ ቆሻሻ ይዞታል፣ ብዙ ሰብስበህ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ፌስታል ቆራሌ የለውም። ባለቤት የሌለው ቆሻሻ እሱ ነው፤ ላሟን የገደላትም እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ሕግ አልጠፋም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት፣ እንዳይገባ ያኔ ከልክሏል። እናንተ ውስጥ ያኔ ያልተወለደ አለ! በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አዋጅ ወጥቶ ስስ ፌስታል ጨርሶ ተከለከለ፤ ይዞ የተገኘም ይቀጣል ተባለ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ይህንን አድርገዋል፤ ኪጋሊ የሄደ ሰው ኤርፖርት ላይ ፌስታሉን ይቀማል። እኛ ጋር ቅጣቱ የሚጠቅመው ዘንቢል ከተመለሰ ነው። ዘንቢል የሚሠራ ሰው ከሌለ፣ ቅርጫት የምትሰፋ እናት ገበያ ካላገኘች፣ ሕጉ ሻጭና ደንብ አስከባሪ የሚሯሯጡበት ነገር ብቻ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ የወጣት ሥራ አለ። ከሸራ፣ ከአሮጌ ጆንያ የገበያ ቦርሳ መስፋት ስንት ካፒታል ይጠይቃል? አንድ ሲንጀርና ሁለት ሰው።

የጣልነው የት ይሄዳል? ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ ደግሞ ከባድ ነው። ቦዩ በፌስታል ሲደፈን ውሃው መንገድ ላይ ይወጣል፣ ሰው ቤት ይገባል። ያልተደፈነው ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጨሞጋ ከጮቄ ተነስቶ በአጠገባችን አልፎ አባይ ይገባል። ሙጋም፣ ሱሃም፣ ተምጫም የጮቄ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም መጨረሻቸው አባይ ነው። የሕዳሴው ግድብ ጷግሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ እናቶቻችን ከመቀነታቸው ፈተው ቦንድ ገዝተውበታል። ታዲያ ከጮቄ ገደል የሚታጠበው አፈርና ከማርቆስ ቦይ የሚወርደው ፕላስቲክ የሚያርፈው የት ይመስላችኋል?

ቆሻሻን አንድ ቦታ መከመርም መፍትሔ አይሆንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀበረ። ብዙዎቹ ከዚያው ክምር እየለቀሙ የሚኖሩ፣ ጎጇቸውን ሥሩ የሠሩ ድሆች ነበሩ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ጥሩ ነው፤ ግን የእኛ ከተማ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ እርጥብ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ ቄጠማ። እርጥብ ነገር ለእሳት አይመችም። ለአፈር ግን ይመቻል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። የጎዛምን፣ የስናን፣ የማቻከል ገበሬ ዛሬ ስሙ ምንድን ነው ችግርህ ብትሉት «አፈሩ ኮምጥጧል» ይላችኋል። ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ አሲድ ይበዛል፤ አሉሚኒየም ይለቀቅና የገብሱን ሥር ያቀጭጨዋል። ዩሪያ ሲደጋገምም ይብሳል። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ሰብሉ አያገኘውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ግን ለአንድ ሄክታር ሃያ፣ ሠላሳ ኩንታል፣ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ያንን ማን ተሸክሞ ስናን ዳገት ያወጣዋል? ኖራው እስኪደርስ በእጃችን ያለው ኮምፖስት ነው። ኖራን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ግን አሉሚኒየሙን ይይዘዋል፣ አፈሩን ያለሰልሰዋል፣ ውሃ ያቆይለታል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ደረቅ ነገር አንድ ንጣፍ፣ ጭድና ደረቅ ቅጠል። እርጥብ ነገር በላዩ፣ የጓዳ ትራፊና እበት። ትንሽ አፈር። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ ውሃ አይንጠባጠብ፣ አይድረቅም። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይገላበጥ። ቆላ ላይ ሦስት ወር የሚበቃው እኛ ጋ ብርድ ስላለ አራት አምስት ወር ይፈጃል፤ አትቸኩሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ዘይቱም ሌላውን ያዘገያል። አመድ ለኮመጠጠ አፈር እንደ ኖራ ያገለግላል፤ ግን ከዩሪያና ከትኩስ እበት ጋር አትቀላቅሉት፣ ናይትሮጅኑ አየር ሆኖ ይበናል። ይኼን ብዙ ሰው ይስተዋል፤ የግብርና ባለሙያም ሲስተው አይቻለሁ።

«እበቱን እኮ እናቶቻችን ለኩበት ነው የሚያነዱት» የሚል አለ። እውነት ነው። እንጨት የለም፤ ባሕር ዛፉም ለሽያጭ ነው። እናትህን ኩበት አታንጂ ከማለትህ በፊት ምርጥ ምድጃ ሠርተህ ስጣት። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚወጣ፣ እሳቱን ከምጣዱ ሥር የሚሰበስብ ምድጃ ነው፤ የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ከዚያ የተረፈው እበት ወደ ማሳ ይሄዳል።

ወደ ፋብሪካው ስንመጣ ነገሩ ያው የአተላው ነገር ነው። በቡሬ ፊቤላ፣ በእኛ በማርቆስ ደብሊው ኤ የዘይት ፋብሪካዎች ተቋቁመዋል። ዘይት ከኑግና ከአኩሪ አተር ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ለወተት ላምና ለድልብ በሬ ምርጥ መኖ ነው። የአንዱ ትራፊ የሌላው ጥሬ ዕቃ የሚሆነው እንዲህ ነው። ችግሩ ፈሳሹ ላይ፣ ጭሱ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ማንኛውም ትልቅ ፕሮጀክት ሥራ ሳይጀምር የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲያቀርብ ያዛል፤ የአካባቢው ሕዝብም አስተያየት የመስጠት መብት አለው። ፋብሪካ መጣልን ብለን እልል እንላለን፤ ደግ፣ ሥራ ያስፈልገናል። ግን እልልታው ሲያበቃ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ጥናቱን እስቲ አሳዩን፤ ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው?» ይበል። ይህ ልማትን መቃወም አይደለም። ከታች ያለው ገበሬ በዚያ ውሃ መስኖ ያጠጣል፤ ከብቱም ይጠጣዋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ሁሉ ነገር መልሶ አይጠቅምም። ጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው የአረም መድኃኒት የሚመጣበት ጀሪካንና ጠርሙስ አለ አይደል? ታጥቦ ጠላ ሲቀዳበት፣ ጨው ሲቀመጥበት፣ ልጅ ውሃ ይዞበት ትምህርት ቤት ሲሄድ አይቻለሁ። መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል፤ በሳሙና አይወጣም። ያ ዕቃ በውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ ልቅላቂው እዚያው ማሳው ላይ ይረጭ፤ ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ቂጡ በሚስማር ይበሳ። የባትሪ ድንጋይም ለልጅ መጫወቻ አይሰጥ። ፕላስቲክ በጓሮ ማንደድም ይቅር፤ ጭሱ ደረት ያቃጥላል፣ ብዙ ዓይነት መርዝም አለው።

ልጨርስ ነው። ችግኝ ተከላ እየደረሰ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በአገር አቀፍ ደረጃ 350 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተዘግቧል። ስንቱ ጸደቀ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ሁሉ ችግኝ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ባለፈው ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ተክለን ስንወርድ ዞር ብዬ ኮረብታውን አየሁት፤ ቁራ የወረደበት ይመስላል። አረንጓዴ ልናለብስ ወጥተን ፕላስቲክ ዘርተን ወረድን። አንዳንዱማ ፕላስቲኩን ሳይቀድ ከነልብሱ ቀብሮታል፤ ያ ችግኝ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይሞታል።

ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ እናድርግ። ለአሥር ተካይ አንድ ሰው ጆንያ ይይዛል፤ ሥራው መትከል ሳይሆን ፕላስቲክ መልቀም ነው። ከላይ እስከ ታች አትቅደዱት፤ ከሥሩ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ችግኙን ከነአፈሩ አውጡት፤ ያልተቀደደው ለችግኝ ጣቢያው ይመለስና ድጋሚ ይሞላል። የተቀደደውን ለቆራሌዎች አስማምተናል፤ ንጹሕና ብዙ ከሆነ እንወስዳለን ብለውናል። ሲመጡ «ወንድም ዓለም» በሏቸው፣ ውሃም አጠጧቸው። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አንተክልም፤ ኮሶ፣ ወይራና ጽድ ጠይቀናል።

ጆንያ ያዦቹን አሁን እንመዝግብ። ማን ነው የመጀመሪያው? ... አዎ፣ አንቺ ከኋላ፣ ቀይ ነጠላ የለበስሽው፤ ስምሽን ንገሪያቸው።