የሁለቱን ወገን ቃል ያነበቡ ሊቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



ስለ አንድ የታሪክ ሊቅ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1931 በሸዋ ተወለዱ። በአዲስ አበባና በካይሮ ከተማሩ በኋላ በ1962 ከጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝተው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1975 ግን ወታደሮች ሊይዟቸው ወደ ቤታቸው መጥተው በጥይት ስለ መቷቸው መራመድ ተሳናቸው። በማግሥቱ ዓመት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ ሄዱ። በዚያም ከገዳማትና ከአብያተ ክርስቲያናት በፊልም የተነሡትን የብራና መጻሕፍት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው እያነበቡ፣ የእያንዳንዱን ይዘት መዝግበው አሳተሙ።

ጓደኞቼ፤ ከሥራቸው ሁሉ እኔን ይበልጥ ያስተማረኝ የደቂቀ እስጢፋኖስ ነገር ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የሆኑ መነኮሳት «ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም» በማለታቸው ተገረፉ፤ ታሰሩ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ተቃዋሚዎቻቸው መናፍቃን አሏቸው። እነርሱ ግን የመከራቸውን ታሪክ በግዕዝ ጽፈው አቆዩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሰው በ2004 ስላሳተሙት፣ ዛሬ ግዕዝ የማያውቅ ተማሪም የተቀጡትን ሰዎች ቃል መስማት ይችላል።

ይሁን እንጂ ንጉሡንም ዝም አላሰኟቸውም። ዘርዐ ያዕቆብ ስለ እመቤታችን የደረሷቸውን ድርሳናት መርምረው በ1992 አሳትመዋል። እንግዲህ ቀጪውም ተቀጪውም በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

በክፍላችን ሁለት ልጆች ሲጣሉ መምህራችን የአንዱን ቃል ብቻ ሰምተው ቢፈርዱ እናዝናለን። በታሪክ ላይ ስንፈርድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈውን ብቻ ሰምተን እንነሣለን። የተሸነፈው መጽሐፍ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ብራናውን የሚገልጥለት ሰው አጥቶ ነው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በ2021 ዐረፉ። ያልተነበበው ብራና ግን ገና ብዙ ነው። ከመካከላችን ግዕዝን ለፈተና ሳይሆን ለዚህ ሥራ ብሎ የሚማር አንድ ተማሪ ቢነሣ፣ የዛሬው በዓላችን ከንቱ አልሆነም እላለሁ።