ስም ሳይወጣለት የሚሠራ ዕውቀት



የዛሬው ርእሴ የሥነ ልሳን መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦችና ስያሜዎቻቸው ነው። እነዚህ ስያሜዎች ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር የመጡ፣ ለፈተና ብቻ የሚጠኑ ይመስላሉ። እኔ ግን ተናጋሪው ሁሉ አስቀድሞ ለያዘው ዕውቀት የወጡ ስሞች ናቸው እላለሁ። ማስረጃውንም ሐዋሳ ውስጥ በየቀኑ ከምንሰማቸው ቋንቋዎች አቀርባለሁ።

በሲዳማ ባህል ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ክልከላው በስሙ ብቻ አያበቃም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ከአንደበቷ አታወጣም። ሥርዓቱ ባሊሻ ይባላል፤ «ሊ»ም «ሻ»ም ጠብቀው ይነበባሉ። የባሏ አባት ስም በ«ላ» የሚጀምር ነው እንበል። በሲዳምኛ ሁለት ማለት «ላሜ» ነው፤ ይህ ቃል ለእርሷ ክልክል ሆነ ማለት ነው። ወይ ተመሳሳይ ቃል ትፈልጋለች፣ ወይ ነገሩን በሌላ አነጋገር ትገልጻለች፣ ወይም የባሊሻ ሴቶች የሚጋሩትን ልዩ ቃል ትጠቀማለች። የሲዳምኛን ሰዋስው የጻፉት አንበሳ ተፈራ ይህን የሴቶች አነጋገር ለብቻው አጥንተውታል። በከምባታም ተመሳሳይ ልማድ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከት። ይህች ሴት ፊደል ላትቆጥር ትችላለች። ነገር ግን ንግግሯ ሳይቋረጥ እያንዳንዱን ቃል ከመውጣቱ በፊት ትመረምራለች፤ የመጀመሪያውን ክፍል ለይታ ከአማቷ ስም ጋር ታስተያያለች። ሥነ ልሳን ያንን ክፍል «ቀለም» ይለዋል፤ በአናባቢ ዙሪያ ተሰባስቦ በአንድነት የሚነገር የድምፆች ቅንጅት ነው። ስያሜውን ሳትሰማ በጽንሰ ሐሳቡ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታበታለች። ይህን ያህል የጠለቀ የድምፅ ዕውቀት «ያልተማረች» በሚባል ሰው ዘንድ መኖሩ ዘወትር ያስደንቀኛል።

ባሊሻ ሌላም ነገር ያሳያል። ቃሉ ተለወጠ፤ የተጠራው ነገር ግን እንዳለ ነው፤ ሰሚውም ተረድቷል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልሳን ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር፣ ከሞተ በኋላ ከተማሪዎቹ ማስታወሻ ተዘጋጅቶ በ1916 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ በድምፅና በትርጉም መካከል ያለው ትስስር ከማኅበረሰቡ ልማድ የመጣ እንጂ ከነገሩ ባሕርይ የተቀዳ አለመሆኑን አስተምሯል።

አሁን ወደ ፎኒም እንለፍ። «መታ» እና «መጣ» የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ ነው፤ ትርጉማቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። እንዲህ ትርጉም የሚለይ ድምፅ ፎኒም ይባላል። ድምፅና ፊደል ግን አንድ አይደሉም። «ገና ብዙ ይቀራል» የምንልበትና በዓሉን የምንጠራበት «ገና» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ በጆሮ ግን በዓሉ ይጠብቃል። የግዕዝ ፊደል መጥበቅን አያሳይም፤ ይህ የፊደሉ ጠባይ ነው፣ የቋንቋው ጉድለት አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ዞረ፤ አሁን የሚጠብቅ ድምፅም ረጅም አናባቢም ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል። ቋንቋው ግን በሁለቱም ዘመን ያው ሲዳምኛ ነው። ስለ ፊደል ስንከራከር ስለ ቋንቋ የተከራከርን የሚመስለን በዚህ መደናገር ነው።

ስለ ምዕላድ ባጭሩ ልናገር፤ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባወጡት «የአማርኛ ሰዋስው» በስፋት አስረድተውታል። ምዕላድ ትርጉም ወይም ሰዋስዋዊ ሙያ ያለው፣ ከዚያ በታች የማይከፈል አሐድ ነው፤ «ቤቶቻችን» ሦስት ምዕላድ አለው።

ዝምድና የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ለማየት ቁጥር እንቁጠር። የሲዳምኛው «ላሜ» በኦሮምኛ «ላማ»፣ በሃዲይኛ «ላሞ» ነው። ወላይትኛ ግን «ናኡ» ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ኩሻዊ ናቸው፤ ወላይትኛ ኦሞአዊ ነው። ኦሞአዊውን ቀድሞ የኩሻዊ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ ይሉት ነበር፤ የቋንቋ ተመራማሪው ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው ብሎ ተከራከረ። ሆኖም አራቱም፣ ሴማዊው አማርኛም ጭምር፣ ግሡን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያኖራሉ። ግዕዝ ግን ግሡን ብዙ ጊዜ ያስቀድማል። ስለዚህ መመሳሰል ሁሉ ከአንድ አባት መወለድ አይደለም፤ ለረጅም ዘመን ተጎራብቶ መኖርም ያመሳስላል።

የመጨረሻዎቹ፣ እጅግም ከባዶቹ፣ «ቋንቋ» እና «ዘዬ» የሚሉት ናቸው። በሥነ ልሳን ዘዬ ስድብ አይደለም፤ ሁላችንም የምንናገረው አንድ ዘዬ ነው። ነገር ግን ዘዬው የት አብቅቶ ሌላ ቋንቋ እንደሚጀምር በድምፅና በቃላት ብቻ አይወሰንም። ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሳለች፣ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ የተቀራረቡ ናቸው ተብሎ አንድ የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጀላቸው። ስሙም ከአራቱ መጠሪያዎች የመጀመሪያ ቀለሞች ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ።

ስለ ቋንቋዎቹ ቅርበት የተነገረው ሐሰት አልነበረም፤ ሊቃውንትም ኦሜቶ በሚባል አንድ የኦሞአዊ ምድብ ያስቀምጧቸዋል። ነገር ግን ባለሙያ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ይግባባሉ ወይ? ንግግራቸውንስ ራሳቸው አንድ ብለው ይጠሩታል ወይ? በወጋጎዳ ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄ በቅጡ ሳይጠየቅ መጽሐፉ ክፍል ገባ።