ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ የአቧራ ናሙና ስለ መውሰድ



አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ በጭስ ማውጫው በኩል ምን ያህል አቧራ እንደሚለቅ ተመዝኖ በወረቀት ሲቀርብ፥ ወረቀቱ የሚደርሰው በቢሮ ለተቀመጠው ሹም ነው። ፈቃድ የሚሰጠውም ሆነ ማጣሪያ ይተከል ብሎ የሚያዘው በዚያው ቍጥር ተመርቶ ስለ ሆነ፥ ቍጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ መጠየቅ ይገባዋል።

አሠራሩን ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ቀጭን ቧንቧ አፉ ወደ ጋዙ መምጫ ዞሮ በጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባል፤ በፓምፕ ጥቂት ጋዝ ይሳባል፤ አቧራውም በማጣሪያ ላይ ቀርቶ ይመዘናል። ችግሩ ያለው በመሳቡ ፍጥነት ላይ ነው። በመኪና ተሳፍረን ኵርባ ላይ ስንደርስ ሰውነታችን ቀጥ ብሎ ሊሄድ እንደሚቃጣው ሁሉ፥ ከባዱ የአቧራ ቅንጣትም ጋዙ ሲታጠፍ አብሮት አይታጠፍም። ጋዙ በሰኮንድ 15 ሜትር እየሄደ ሳለ እኛ በ7.5 ሜትር ብቻ ብንስብ፥ የተረፈው ጋዝ የቧንቧውን አፍ ከብቦ ያልፋል፤ ከባዶቹ ቅንጣቶች ግን በጕልበታቸው ቀጥ ብለው ይገባሉ። ስለዚህ እጅግ ለከበደው አቧራ ልኬቱ ከእውነተኛው እስከ እጥፍ ይደርሳል። በ30 ሜትር ብንስብ ደግሞ ጋዙ ከግራና ከቀኝ ተጠምዞ ሲገባ ቅንጣቶቹ ያመልጣሉ፤ ልኬቱም እስከ ግማሽ ይወርዳል። ባለ ፋብሪካው የትኛውን ስሕተት እንደሚመርጥ መናገር አያሻም። የቧንቧው አፍ ጠመም ብሎ ቢገባም ስሕተቱ ወደዚሁ ወደ ማሳነሱ ያደላል። ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ፥ ወደ ሳንባ ጠልቆ የሚገባው እርሱ ሲሆን፥ ከጋዙ ጋር ስለሚታጠፍ በዚህ ምክንያት እምብዛም አይዛባም።

መድኀኒቱ ሁለቱን ፍጥነቶች እኩል ማድረግ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 የሴን ወንዝን ፍጥነት የለካበት ቧንቧ፥ መልኩ ተሻሽሎ ዛሬም የጋዙን ፍጥነት ለመለካት ያገለግላል። በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ደንብ የመሳቡ ፍጥነት ከጋዙ ፍጥነት ከ90 እስከ 110 በመቶ ሲሆን ልኬቱን ይቀበላል።

ይሁን እንጂ ቈጣሪው ከማቀዝቀዣው በኋላ ስለሚገኝ፥ በ150 ዲግሪ የተሳበው 1 ሜትር ኩብ ደረቅ ጋዝ በ20 ዲግሪ ሲቈጠር 0.69 ገደማ ብቻ ይሆናል። ይህን ሳያሰላ ፓምፑን የሚያስተካክል ሰው ከሚገባው በላይ ይስባል፤ ልኬቱም ይጎድላል። በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ የተጣበቀውም አቧራ ታጥቦና ተጠርጎ ከማጣሪያው አቧራ ጋር መመዘን አለበት፤ እዚያው ከቀረ ከሰነዱም ይቀራል።