አርዲቦ ዳር መሬት ለሚመኙ

የአርዲቦን ሐይቅ ከጋራው ላይ ቁልቁል ያየ ሰው «እዚህ ቁራሽ መሬት በኖረኝ» ማለቱ አይቀርም። ከአዲስ አበባም ከዓረብ አገርም ጥሪት ይዞ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ወገን አለ። ከዋጋው በፊት ሕጉን ጠይቁ። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አድርጎታል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። በስጦታ ስም የተሸፈነ ሽያጭ ሙግት ሲነሳ መተማመኛ አይሆንም።

የባለትዳሩን ገበሬ የይዞታ ደብተር ገልጣችሁ እዩ፦ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን አለ። ባልየው ብቻውን ተስማማ ማለት ቤቱ ተስማማ ማለት አይደለም።

ማልማት የፈለገ በሕጉ መሠረት ይከራይ፤ ውሉንም በወረዳው መሬት አስተዳደር ያስመዝግብ። በማይጸና ወረቀት ጥሪታችሁን አትበትኑ፤ የገበሬውንም ልጆች ያለ መሬት አታስቀሩ።