የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ምን ይቀባ?

የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ላይ ግራሶ የሚለጥፉ ሰዎች ወፍራም ስለሆነ ብዙ ይቆያል ይላሉ። መቆየቱስ ይቆያል። ነገር ግን ተራ ሰንሰለት ክፉኛ የሚበላው ከውስጥ፣ ፒኑ ከቡሽንጉ ጋር በሚፋተግበት ጠባብ ቦታ ነው፤ ግራሶ ደግሞ እዚያ ዘልቆ አይገባም። ከላይ ተጣብቆ አቧራ እየሰበሰበ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። የጎማ ቀለበት ያለው ሰንሰለት የውስጡ ግራሶ ከፋብሪካ ታሽጎ ስለሚመጣ፣ ከውጭ የምንቀባው በዋናነት ጎማው እንዳይደርቅና ብረቱ እንዳይዝግ ነው። ለሁለቱም ቀጠን ብሎ የሚሰርገው 80 ወይም 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ይበቃል፤ የብዙ አምራቾች መመሪያም ይፈቅደዋል።

ዝናብ ቢያጥበውስ? ያጥበዋል፤ ሲሽከረከርም ይረጫል። መፍትሔው ግን ማወፈር ሳይሆን በስሱ ቶሎ ቶሎ መቀባት ነው፤ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። የተቃጠለ ዘይት በነጻ እያለ ለምን እንገዛለን የሚሉም አሉ። ያ ዘይት የብረት ብናኝና ጥላሸት የተሸከመ ነው፤ ለዚያውም የካምቢዮ ዘይቱ አንድ ሊትር ለወራት ይበቃል። ሰንሰለቱ ሲቆሽሽ በነጭ ጋዝ ይጸዳል፤ ቤንዚን የጎማ ቀለበቱን ይጎዳል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የኋላውን ጎማ በእጅ እያዞሩ፣ ከሥር በሚያልፈው ሰንሰለት የውስጥ ገጽ ላይ ማንጠባጠብና ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ነው። ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እየሠራ መቀባት ጣት ያስቆርጣል።