ቅጠል የመሰለው ጭማቂ መጣጭ

በሶዶ ዙሪያ እንሰት ለሚያለማ ሰው ጭማቂ መጣጭ ተባይ እንግዳ አይደለም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰት ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥጥ፣ ነጭ ሰም የለበሰ ነፍሳት አለ። በባሕር ይህን ሥራ የያዙት ወደ 300 የሚጠጉ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ዛጎል የላቸውም። በአንድ ጊዜ የሚሠሩት በአንዲት ጥርስ ነው፤ በእርሷ አልጌውን በስተው ውስጡን ይመጥጣሉ። የዶለዶመችውንም ጥርስ ብዙዎቹ አይጥሏትም፣ ከረጢት ውስጥ ያኖሯታል።

ኤሊሲያ የሚባሉት ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራውን የአልጌውን ክሎሮፕላስት ሳይፈጩ በገላቸው ያቆዩታል፤ አረንጓዴ ቅጠል ይመስላሉ። አንዱ የሰሜን አሜሪካ ዝርያ ሳይበላ ወራት ይቆያል። ታዲያ እንደ ተክል በፀሐይ ይኖራል? ብዙዎች አዎ ይላሉ፤ እኔ ግን ችኮላ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ክሎሮፕላስት የሚያቆዩ ሁለት ዝርያዎች ጨለማ ውስጥም ወራት ኖረዋል። “እንግዲያው ለምን ይሸከሙታል?” ቢባል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። በክሎሮፕላስቱ የተሠራ ምግብ እስከ መራቢያ አካላቸው መድረሱ ታይቷል፤ ስለዚህ ከንቱ ሸክም አይደለም። ለእኔ ከእርሻ ይልቅ ጉድጓድ ውስጥ ለክፉ ቀን የተቀበረ ቆጮን ይመስላል።